በሴቶች በር

ማሩ ልከኛ ልጅ ነበር ብሎ የሚምል ሰው ቢገኝ በሐሰት ምስክርነት መያዝ አለበት። ጢሙ በቅጡ ሳይበቅል «ግድግዳ ብቻዬን ልሥራ» ብሎ መምህሩን የጠየቀ፣ እሺ ሲሉትም «አውቄው ነበር» ብሎ የመለሰ ነው። መምህሩ አለቃ ገብረኪዳን ከጎንደር እስከ ደብረ ታቦር ስማቸው የተጠራ ሠዓሊ ናቸው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያሉ ይተርቱበታል እንጂ በልባቸው ይኮሩበት ነበር። እጁ የማይንቀጠቀጥ ልጅ ነዋ! ከፀጉር የቀጠነ መስመር ባንድ ትንፋሽ ሲያወጣ ያየ ሁሉ ትዕቢቱን ይቅር ይለዋል።

ጊዜው ጋፋት ላይ ፈረንጆቹ ብረት የሚያቀልጡበት፣ ደብረ ታቦርም በወታደርና በድንኳን የተጨናነቀችበት ዘመን ነው። ማሩ የሚሠራበት ቤተ ክርስቲያን ግን ከዚያ ግርግር ራቅ ብሎ፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ፣ ከጉና ሥር ያለ ገብርኤል ነበር። የዱሮው ሕንፃ በመብረቅ ተቃጥሎ አዲሱ ተሠርቷል፤ የክዳኑ ሣር ገና አልጠቆረም። የቅዱሳኑን ሥዕል አለቃ ራሳቸው ሠርተው ጨርሰዋል። የቀረው ከመቅደሱ በር በላይ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር የሚያልፍ አንድ ረዥም ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። የማሩ ግድግዳ ይኸው ነው።

ያን ቦታ የጠየቁት ወይዘሮ ውብአለም ናቸው። ሰፊ እርሻ ያላቸው ባልቴት ሲሆኑ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታነጽ እህሉንም ጉልበቱንም ሳይሰስቱ ሰጥተዋል። በምላሹ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ የሞተው አንድ ልጃቸው ደምሴ እንዲሣልላቸው፣ ያውም በሁለት ዓይኑ።

«በሁለት ዓይኑ» ማለታቸው ያለ ነገር አልነበረም። በሥዕል ሕግ ጻድቅ ሰው ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ፣ ሁለት ዓይኑን ገልጦ ይሣላል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ የጌታ ገራፊዎችና የእነሱ ቢጤ ሁሉ ግን በጎናቸው ነው የሚሣሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያሻም። በዚያ አገር እናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ ሕፃን እንኳ ባለ አንድ ዓይኑን ሲያይ ፊቱን ይደብቃል።

ታዲያ ደምሴ በስንት ዓይን ይሣል? አገሩ ሁሉ የሚሟገተው በዚህ ነበር። ደምሴ በጎረምሳነቱ ጉና ላይ ሸፍቶ የሰው ከብት ሲነዳ ኖሯል። ከነዳቸውም መካከል የአያ ዘውገ ጥማድ በሬዎች ነበሩበት፤ ያውም በዘር ሰሞን። ያን ዓመት የአያ ዘውገ መሬት ጦም አደረ፤ ልጆቹም የሰው እጅ አዩ። በኋላ ደምሴ ልቡ ተመለሰና ከሽማግሌዎች ጋር ወደ አያ ዘውገ ደጅ መጣ። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ» አለ። የተበደለው ሰው ድንጋዩን በገዛ እጁ ካላወረደ እርቅ የለም። አያ ዘውገ ጀርባውን ሰጥቶ ቤቱ ገባ። በዚያው ክረምት ቤተ ክርስቲያኑ ተቀጣጠለ፤ ደምሴ ከነበልባሉ ገብቶ ታቦቱን በራሳቸው ላይ የተሸከሙትን ቄስ፣ አባ አለሙን፣ እየደገፈ አወጣቸው። ለመጻሕፍቱ ብሎ ሲመለስ ጣራው ወደቀበት።

ወይዘሮ ውብአለምን የሚያብሰለስላቸው ሞቱ ብቻ አልነበረም። «ሞት ለሁሉ ነው፤ ልጄ ግን ድንጋዩን እንደ ተሸከመ ነው የሄደ» ይላሉ። ያ ድንጋይ እንዲወርድለት ነበር ግድግዳውን የፈለጉት። አገር ሁሉ በሁለት ዓይኑ ካየው፣ አያ ዘውገም አንድ ቀን ያየው ይሆናል ብለው ነው። አያ ዘውገ በበኩሉ «ሌባ በአንድ ዓይን ነው የሚሣል፤ አለዚያ እኔ እዚያ ቤት እግሬን አላነሣም» ብሎ ምሏል። አባ አለሙ ሕይወታቸውን ያተረፈውን ልጅ ቢወዱም ምእመናቸውን ማጣት ፈሩ፤ ከሁለቱ መካከል ሆነው ጢማቸውን ሲጎትቱ ከረሙ።

«እኔ አስታርቃቸዋለሁ» አለ ማሩ።

«ሥዕል ነው የተሰጠህ ወይስ ሽምግልና?» አሉ አለቃ።

«ሁለቱንም።»

ይህን ያለው እንዲሁ ለፍልፎ አልነበረም። አንድ ሐሳብ ነበረው። የግድግዳ ሥዕል አስቀድሞ በጥጥ ጨርቅ ላይ ይሠራና ጨርቁ በሙጫ ይለጠፋል። ማሩ አምስት ጨርቅ ዘረጋ። ደምሴን በአንድ ጊዜ ሌባ ወይም ጻድቅ አድርጎ ከመሣል ይልቅ፣ እንደ ኖረው አድርጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊያስኬደው ነው። በመጀመሪያው ጨርቅ በሬ ይነዳል፤ አንድ ዓይን ብቻ። በሁለተኛው ገበያ ቆሞ የሰረቀውን ሲሸጥ ፊቱ ጥቂት ዞር ይላል፤ የሁለተኛው ዓይን ጫፍ ብቅ ይላል። በሦስተኛው ድንጋዩን ተሸክሟል፤ በአራተኛው ከእሳቱ መካከል ነው፤ እያለ እያለ ፊቱ እየዞረ ሄዶ በአምስተኛው ከእመቤታችን እግር ሥር ሁለት ዓይኑን ገልጦ ይንበረከካል።

አለቃ መጥተው ጨርቆቹን አዩና ሁለተኛው ላይ ቆሙ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? አንድ ዓይን ተኩል?»

«ሰው ባንድ ጊዜ አይዞርም፣ አለቃ። መካከል ላይ አንገት አለ። እኔ የሣልሁት አንገቱን ነው።»

አለቃ ወደ ቀጣዩ ጨርቅ አለፉ። አለቃ ሳይተርቱ ካለፉ ደግሞ እሺ ማለታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ወይ አንድ ወይ ሁለት ዓይን ሲሥሉ ኖረው፣ በመካከሉ ያለውን የሚያሳያቸው ከጉልበታቸው ሥር ያደገ ልጅ መሆኑ ትንሽ አሳከካቸው እንጂ አላስቆጣቸውም።

ጨርቆቹ ሳይለጠፉ፣ በእሾህ ብቻ ከግድግዳው ተሰክተው የሚታዩበት ቀን ተቆረጠ። መጀመሪያ ወንዶቹ ገቡ። በሰሜን በር ገብተው፣ ከግራ ጀምረው፣ እንደ መጽሐፍ መስመር ወደ ቀኝ እያነበቡ ሄዱ። አያ ዘውገም መሐላውን አፍርሶ ሳይሆን «ቤቱ ገና አልተቀደሰም፤ ጎተራ ነው» በሚል ብልሃት አብሮ ገብቶ ነበር። በመጀመሪያው ጨርቅ ፊት ቆሞ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ። በሬዎቹን ሳይቀር ለየ። «ይኸ ቡሬው ነው!» አለ፤ ድምፁም ትንሽ ተሰበረ።

ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ። ደምሴ ድንጋዩን ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል፤ ከፊቱ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው አለ።

«ይኼ ማን ነው?»

«አንቱ ነዎት» አለ ማሩ።

«በአንድ ዓይን?»

«እየሄዱ ነዋ! ፊቱን ያዞረ ሰው በጎኑ ነው የሚታይ። ሕጉ ነው።»

ወንዶቹ ሳቁ። አንዱማ ሳቁን ለመደበቅ በጋቢው አፉን ሲሸፍን ይባስ አስነጠሰው። አያ ዘውገ ደሙ ፈላ። «በሬዬን የተነዳሁ እኔ፣ ልጆቼ የተራቡብኝ እኔ፣ ደግሞ ከይሁዳ ጋር የምሰለፍ እኔ! ይኼን ጨርቅ አንተ ካላነሣኸው እኔ እቀደዋለሁ!» ብሎ ወጣ። ማሩ አልደነገጠም። ከሁለቱ ተጣዪዎች አንዱ ቢያኮርፍ ሌላዋ ደስ ይላታል፤ የአንዷ ደስታም ለመነሻ አይከፋም ብሎ አሰበ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው።

ወይዘሮ ውብአለም ከጎረቤታቸው ከፈንታነሽ ጋር ገቡ። ሲገቡ ፊታቸው በርቶ ነበር። ጨርቆቹን አንድ በአንድ እያዩ መጡ፤ እየመጡ እየመጡ ፊታቸው ጨለመ። ከሚነዱት በሬዎች ፊት ሲደርሱ ቆሙ፤ ነጠላቸውንም ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ምነው እመይቴ፣ አልወደዱትም?» አለ ማሩ።

«ልጄን አሳየኸኝና ቀማኸኝ» አሉ።

«እንዴት ይሆናል? መጨረሻው ላይ በሁለት ዓይኑ አይዶለም የተሣለ?»

«የቱ ነው መጨረሻው?»

«እዚያ ማዶ ነዋ።»

«እሱስ የገባሁበት ነው።» ዘወር ብለው አዩት። «ደብተራ ልጅ ነህ፤ ዕድሜህን ሙሉ በወንዶች በር ነው የገባህ። እስቲ በእኔ በር ግባ።»

ማሩ ያን ጊዜ ገባው ማለት አይቻልም። እንደ ማንኛውም ወንድ፣ ቤተ ክርስቲያን አንድ በር ያለው ይመስለው ነበር፤ ሌላው በር እንዳለ ያውቃል፤ ግን ለማን መንገድ እንደሚሆን አስቦ አያውቅም። ቆይቶ ወጣ። ሕንፃውን ዞረና ሴቶቹ ከሚገቡበት ከደቡብ በር ፊት ቆመ። ወንዶቹ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበርና «ኧረ ዲያቆን፣ በርህን ስተሃል! ሻሽ አምጡለት!» እያሉ አውካኩ። ጆሮው ጋለ፤ ሆኖም ገባ።

ሲገባ መጀመሪያ ያገኘው ደምሴን ከእመቤታችን እግር ሥር፣ በሁለት ዓይኑ ነው። ቀጥሎ እሳት። ከዚያ ድንጋይ። ከዚያ ገበያ፤ ሁለተኛው ዓይን ሊጠፋ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ አንድ ዓይን ያለው ሌባ በሬ እየነዳ ወደ ሰሜን በር ይወጣል። ያው አምስት ጨርቅ፣ ያው ደምሴ። በወንዶች በር ለገባ ሌባ ጻድቅ ሆነ፤ በሴቶች በር ለገባች ግን ጻድቅ ሌባ ሆነ። ማሩ ግማሹ አገር እያነበበ የሚመጣበትን ታሪክ ገልብጦ ጽፎት ነበር።

አፈረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ኀፍረት ተሰማው፤ ደስ አይልም።

«ገልብጬ ልሰካው?» አለ፣ ድምፁን ቀንሶ።

«ብትገለብጠው ለእኔ ይቃናል፣ ለዘውገ ይጣመማል» አሉ ወይዘሮ ውብአለም። «ልጄን ማየት ያለበት ደግሞ እኔ ሳልሆን እሱ ነው።»

ፈንታነሽ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። «ደሞስ የሣልኸው ሁሉ ወንዶች ያወሩልህን ነው» አለችው። «በሬ፣ ገበያ፣ ሽምግልና። ሰውየው እኮ ከጉና ላይ አልበቀለም። ከሴት ልጅ ነው የተወለደ።»

ሌላ ልጅ ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ለመምህሩ «አንቱ ይጨርሱት» ይል ነበር። ማሩ ግን ትዕቢቱ ለክፉ ቀን ጠቀመው። እችላለሁ ያለው ነገር አልሆን ሲለው፣ ያልተማረው ነገር አለ ማለት ነው እንጂ አልችልም ማለት አይደለም ብሎ ያምናል። በማግሥቱ ተነሥቶ ወይዘሮ ውብአለም ግቢ ሄደ። ሴቶቹ ለቅዳሴ ቤቱ በዓል ጠላ ሊጠነስሱ ተሰብስበው ጌሾ ይለቅሙ ነበር። ከመካከላቸው ተቀመጠና ጌሾ ይለቅም ጀመር።

«ስለ ደምሴ ንገሩኝ» አለ። «ከሽፍትነቱ በፊት ያለውን።»

መጀመሪያ ሳቁበት፤ ከዚያ አፋቸው ተከፈተ። ሲጠመቅ የአባ አለሙን የእጅ መስቀል ይዞ አልለቅም ብሎ፣ መስቀሉን ሲያስለቅቁት ቤተ ክርስቲያኑን በልቅሶ እንዳናወጠው አንዷ ነገረችው። ሌላዋ ውሻ ሲነክሰው ውሻው እንዳይመታ ብሎ እሾህ ወጋኝ እንዳለ አወራች። እያሉ እያሉ ከሽፍትነቱ ደጃፍ ደረሱ። ማሩ ቀና ሲል ሁሉም የሚያዩት ወይዘሮ ውብአለምን ነው።

«ንገሩት እንጂ፣ እመይቴ» አለች ፈንታነሽ። «ካሁን ወዲያ ለማን ይደበቃል?»

ወይዘሮ ውብአለም የያዙትን ጌሾ አስቀመጡ።

«ጎረምሳ ሳለ ነው። ክንዴ ተሰበረ። ሴት ልጅ የለኝ፣ ገረድ የለኝ፣ በዚያን ጊዜ ገና ድኻ ነበርሁ። ወፍጮው ቆመ። ደምሴ ይህን አይቶ ደጁን ዘግቶ ይፈጭልኝ ጀመረ። ገብሱን እንደ ሴት ተንበርክኮ፣ እያላበው፣ መጅ ይዞ። አንድ ቀን ሞፈር ሊዋስ የመጣ ሰው ደጁን ከፍቶ ገባ። ልጄ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ነበር። ምን ይበል? የፋሲካው ሠርግ ሲሆን ወንዶቹ ሁሉ ዳሱ ውስጥ እያጨበጨቡ ‹ፈጪው! ፈጪው!› ብለው ዘፈኑበት። የቀረበለትን እንጀራ ሳይቆርስ ተነሣ። ቤት አልመጣም፤ ከዳሱ ቀጥታ ጉና ነው የወጣ። ወንድ መሆኑን ሊያሳያቸው።»

ማሩ ጌሾውን መልቀም ትቷል። ለወፍጮ ነውር ሲል ሌባ የሆነ ሰው! ይህን ሁሉ ጊዜ ያን ልጅ ሲሥለው የቆየው ከግማሹ ጀምሮ ነበር።

«ስለ ክንድዎ ለወንዶቹ ለምን አልነገሩም?»

«ነውሩን እንዲረሱለት ብዬ ዝም አልሁ። ነውሩን አልረሱም። የቀረባቸው ምክንያቱ ነው።»

«እንግዲህ ልሣለው?»

ይህን ሲጠይቅ የሴቶቹ እጅ ከጌሾው ላይ ቆመ። በመቅደስ በር ላይ፣ በወንድ ሁሉ ፊት፣ ወፍጮ ላይ የተንበረከከ ወንድ! ያን ዘፈን እንደገና ማስነሣት ማለት እኮ ነው። ወይዘሮ ውብአለም ያስቀመጡትን ጌሾ መልሰው አነሡ።

«ሣለው» አሉ በመጨረሻ። «ዱቄቱንም እንዳትተው።»

ማሩ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ያን ሰሞን ለመብላት እንኳ ሲጠሩት የሚሰማ አልነበረም። ታሪኩን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው መንዳት ተወ። ከሁለቱም በር ያስገባው ጀመር። ከወንዶቹ በር በኩል ወንዶቹ የሚያውቁትን ደምሴ አኖረ፤ መጀመሪያ በሬ ሲነዳ በአንድ ዓይኑ፣ ቀጥሎ ከእሳቱ አባ አለሙን ደግፎ ሲወጣ፣ ፊቱ ዞር ብሎ። ከሴቶቹ በር በኩል ሴቶቹ የሚያውቁትን አኖረ፤ መጀመሪያ መስቀል የጨበጠውን ሕፃን፣ ቀጥሎ ወፍጮ ላይ የተንበረከከውን ጎረምሳ፣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ። በአራቱም ጨርቅ ፊቱን ወደ መካከል አዞረው፤ በየትኛውም በር የገባ ሰው ዓይኑ ሳይወድ በግዱ ወደዚያው እንዲሄድ። በመካከሉም ድንጋዩን አደረገ። ያን ጨርቅ ከሌሎቹ አሰፋው፤ ከደረቱ በታች ያለውን አካል ተወው፤ ሁለት ዓይኑን የገለጠ ፊቱና ጫንቃው፣ ጫንቃው ላይም ድንጋዩ ብቻ። በዚያ ጨርቅ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም።

አለቃ መጥተው ሲያዩ ተቆጡ። ከልባቸው ነበር የተቆጡት።

«እግሩስ?»

«እግሩ ምን ያደርጋል? የሚለምነው ዓይኑ ነው።»

«ደግሞስ ድንጋዩን የተሸከመ ከእሳቱ በፊት አይዶለም እንዴ? የሞተው በእሳቱ ነው። ፊተኛውን ኋለኛ የምታደርግ አንተ ማን ነህ? ታሪክ ቅደም ተከተል አለው!»

«ሞቱ አልቋል፣ አለቃ» አለ ማሩ። «ድንጋዩ ነው ያላለቀው። ያላለቀውን ነው መጨረሻ ያደረግሁት።»

አለቃ ገብረኪዳን ሙጫውን ራሳቸው አንሥተው ያማስሉ ጀመር፤ ለደቀ መዝሙራቸው ሙጫ ሲያማስሉ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው። ጨርቆቹ ተለጠፉ።

የቀረው አያ ዘውገን ማምጣት ነበር። ሰውየው አልመጣም ብሎ ምሏል፤ ሽማግሌ ቢላክበትም አልሰማም። ማሩ ራሱ ሄደ። አያ ዘውገ አጥር እያጠረ ነበርና ቀና ብሎም አላየው።

«ከሥዕሉ አጠፋሁዎት» አለው ማሩ።

«ምን አልህ?»

«የሉበትም። እንኳን አንድ ዓይንዎ፣ ጥፍርዎም የለ። ካላመኑኝ በበዓሉ መጥተው ይፈልጉ።»

ይህ ለአያ ዘውገ የሚቻል ነገር አልነበረም። ዳር እስከ ዳር ሰው ሲያየው የሚውለውን ሥዕል፣ አለበት የለበትም ሳያረጋግጥ እንዴት ተኝቶ ያድራል? ውሸታም ልጅ ሊሆንም ይችላል። በቅዳሴ ቤቱ ዕለት፣ ማኅሌቱ ቆሞ፣ ታቦቱ በእልልታ ገብቶ፣ ቅዳሴውም አልቆ ሰው ግድግዳውን ማየት ሲጀምር፣ አያ ዘውገ አዲስ ጋቢውን ተከናንቦ በሰሜን በር ገባ። ሊታረቅ አልነበረም። ራሱን ሊፈልግ ነው።

በሬዎቹን አየ። እዚያ የለም። እሳቱን አየ፤ አባ አለሙ አሉ፣ ነበልባሉ አለ፣ እሱ የለም። መካከል ላይ ሲደርስ ቆመ። ደምሴ ድንጋዩን ተሸክሞ በሁለት ዓይኑ ያየዋል። አያ ዘውገ በግራ ፈለገ፣ በቀኝ ፈለገ። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው የለም።

«ታዲያ ይኼ ማንን ነው የሚለምን?» አለ ጮክ ብሎ።

ማሩ ከኋላው ቆሞ ነበር። አያ ዘውገ ከዓይኑ ፈቀቅ ለማለት አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ። ደምሴ አየው። ሌላ እርምጃ ሄደ። አሁንም አየው። ፊቱን ሙሉ የሰጠ ሥዕል የሚመለከቱትን ሁሉ ይከተላል፤ አያ ዘውገ ይህን ከቅዱሳን ሥዕል ያውቀዋል፤ ከበሬው ሌባ ግን አልጠበቀውም። እየሸሸ እየሸሸ ሳያውቀው ከሴቶቹ መካከል ገባ። እዚያ ደግሞ ወፍጮው ፊት ለፊት ገጠመው።

ያን ዘፈን እሱም አጨብጭቦለታል። ከሁሉ ጎላ ብሎ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነበር፤ በሠርግ ላይ የታወቀ ዘፈን አውራጅ ነውና። ከወፍጮው አጠገብ፣ በሥዕሉ ላይ፣ ክንዷ በጨርቅ ታስሮ ካንገቷ የተንጠለጠለ ሴት ተቀምጣለች።

«ክንዷ ምን ሆኖ ነው?» አለ አያ ዘውገ።

«ተሰብሮ» አለች ፈንታነሽ። ብዙ ልትል ስትችል ይህችን ብቻ አለች፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«እኛ እኮ...» አለ። «ማንም አልነገረን።»

አያ ዘውገ ጋቢውን ከራሱ አወረደ፤ ወደ መካከሉም ተመለሰ። ወንዶቹ ከሰሜን በኩል፣ ሴቶቹ ከደቡብ በኩል ቆመው ያዩታል። አለቃ ገብረኪዳን የማሩን ክንድ ጨብጠው ይዘውታል። ማሩም በዚህ ሰዓት ስለ ግድግዳውም ስለ ስሙም አላሰበም። ሰውየው እንዳይሄድ ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ በሙሉ ልቡ፣ እንዳይሄድ።

አያ ዘውገ አልሄደም። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ግድግዳው ከፍ ያለ ነውና አልደረሰበትም፤ በጣቶቹ ጫፍ ቢንጠራራም አልደረሰበትም።

«ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ» አለ። እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። «አውርድ፣ ልጄ። እኔንም ይቅር በለኝና አውርድ።»

ሥዕል ምን ያደርጋል? ደምሴ እንደ ተሸከመ ቀረ። የአያ ዘውገም እጆች እንደ ተዘረጉ ቀሩ፤ ያነሣቸውን ማውረድ የተሳነው መሰለ። ወይዘሮ ውብአለም ከሴቶቹ መካከል ወጡ። አጠገቡ መጥተው ሁለቱን እጆቹን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ከባድ ነገር እንደሚያወርድ ሰው ቀስ አድርገው፣ ቀስ አድርገው ወደ መሬት አወረዷቸው።

«ወረደ» አሉት። «ወረደ እኮ፣ ዘውገ።»